ለባቡር ጉዞ የዋለ ሰዓት ባክኗልን? የዝግታ ጉዞን ለነቀፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባቡር መሳፈርንና በዝግታ መጓዝን የሚያወድሱ ሰዎችን የሚነቅፍ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብሁ። ጽሑፉ ቁጣ የሌለበት፣ በጥሩ ቋንቋ የተጻፈና ሊናቅ የማይገባው ነው። ፍሬ ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ጉዞ ማለት ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ መድረስ ነው፤ በመካከል የሚያልፈው ሰዓት ከዕድሜ ላይ የሚቀነስ ኪሳራ ነው፤ ስለዚህ ይህን ኪሳራ እንደ ትርፍ የሚቆጥሩት የባቡር ወዳጆች ወይ ራሳቸውን እያታለሉ ነው፣ ወይም ጊዜና ገንዘብ የተረፋቸው ሰዎች ናቸው። ጸሐፊው ይህን አቋማቸውን በስድስት ነጥቦች ያስረዳሉ፤ በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። እኔ አውሮፕላን እያለ ባቡርን መርጠው ከሚሳፈሩት አንዱ ስለሆንሁ ገለልተኛ ዳኛ ነኝ አልልም፤ ነገር ግን ነጥቦቹን በቀረቡበት ቅደም ተከተል ብመልስ ክርክራቸው የት ላይ እንደሚጸና፣ የት ላይ እንደሚላላ ይታያል ብዬ አምናለሁ። አንዳንዶቹ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ይበቋቸዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ ታሪካዊ ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት ባቡር የፍጥነት ልጅ ነው፤ በተፈጠረበት ዘመን ሰዎች ያማርሩ የነበረው አገሩን ሳያሳየን ይሮጣል እያሉ ነበር፤ ዛሬ የዝግታ ምልክት ሊሆን የቻለው አውሮፕላን ስለቀደመው ብቻ ነው፤ እንግዲያው ለባቡር ያለው ፍቅር ከትዝታ በቀር ሌላ መሠረት የለውም። የታሪኩን ክፍል ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ እንዲያውም ማስረጃ ልጨምርላቸው እችላለሁ። በእንግሊዝ የሊቨርፑልና የማንቸስተር መስመር ሴፕቴምበር 15 ቀን 1830 ሲከፈት፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ፈረስ የሚስበው ሠረገላ ሊወዳደረው በማይችል ፍጥነት ሸፈነው። ጁላይ 5 ቀን 1841 እንግሊዛዊው ቶማስ ኩክ 500 ያህል ሰዎችን ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በአንድ ባቡር ወስዶ በመመለስ፣ ዛሬ የጅምላ ቱሪዝም ለምንለው ነገር መንገድ ከፈተ። እያንዳንዱ ከተማ ሰዓቱን በራሱ ፀሐይ መቁጠሩ የቀረውም በአመዛኙ በባቡር ምክንያት ነው፤ የአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች ኖቬምበር 18 ቀን 1883 አገሪቱን በሰዓት ክልሎች የከፋፈሉት የጉዞ ሰሌዳቸው እርስ በርሱ እየተምታታ ስላስቸገራቸው ነበር። ችኮላን በሰሌዳ አስፍሮ ያደራጀው ራሱ ባቡር ነው ቢባል ሐሰት የለበትም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ታሪክ ጸሐፊው የደረሱበት ድምዳሜ አይከተልም። ነቀፌታው የሚሠራው የባቡር ወዳጅ የሚወደው የፍጥነትን ማነስ ነው ተብሎ ከታሰበ ብቻ ነው። እኔ ግን ሞተሩ እንዲያዘግም ጸልዬ አላውቅም። ከ1964 ጀምሮ በቶኪዮና በኦሳካ መካከል 515 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው የጃፓን ፈጣን ባቡር፣ ወይም ከ1981 ጀምሮ ፓሪስን ከሊዮን የሚያገናኘው የፈረንሣይ ባቡር፣ ከብዙ አሮጌ ባቡሮች እጅግ ይፈጥናል፤ ሆኖም ስለ ጉዞ የምወደው ዋና ነገር በእነርሱም ውስጥ አለ። ያም ነገር መንገዱ ሳይቆረጥ መታለፉ ነው። መንገደኛው ከተነሣበት ጣቢያ እስከሚደርስበት ጣቢያ ያለውን መሬት በሙሉ በላዩ አልፎበታል፤ ርቀቱን ከትኬቱ ላይ ከማንበብ አልፎ በዓይኑና በአካሉ ያውቀዋል። አውሮፕላን በአንጻሩ ሁለት አዳራሾችን ያገናኛል፤ በመካከላቸው ያለው አገር ለመንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ ደመና ብቻ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ የዘመን ወይም የትዝታ አይደለም፤ ነገ ባቡር እጥፍ ቢፈጥንም ልዩነቱ ይኖራል።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ። ጸሐፊው የአንድ ሰዓት ተኩል በረራን ከስድስት ሰዓት የባቡር ጉዞ ጋር ያነጻጽሩና አራት ሰዓት ተኩል ጠፋ ይላሉ። ሒሳቡ ሁለት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛው ጉድለት የቆጠራ ነው። በረራ አንድ ሰዓት ተኩል የሚሆነው አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ነው፤ መንገደኛው ግን ከዚያ በፊት ከከተማ ውጭ ወዳለው ማረፊያ ሄዷል፣ ሻንጣ አስረክቧል፣ ተፈትሿል፣ በር እስኪከፈት ጠብቋል፤ ከወረደም በኋላ ሻንጣውን ጠብቆ እንደገና ወደ ከተማ ይጓዛል። የባቡር ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ በከተማው መሀል ስለሆነ ይህ ሁሉ የለበትም። ሕዝቡም ይህን ልዩነት በትኬቱ መስክሯል። በማድሪድና በባርሴሎና መካከል የነበረው የአየር መስመር በዓለም ላይ መንገደኛ ከሚበዛባቸው መስመሮች አንዱ ነበር፤ 620 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የፈጣን ባቡር መስመር በ2008 ተጠናቅቆ ጉዞው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን ግን ከመንገደኞቹ የሚበዙት ወደ ባቡር ተሻገሩ። በለንደንና በፓሪስ መካከልም፣ ባቡር በባሕሩ ሥር መሄድ ከጀመረበት ከ1994 በኋላ፣ የሆነው ይኸው ነው። እነዚህ ሁሉ ስለ ዝግታ የሚፈላሰፉ ሰዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ለስብሰባ የሚቸኩሉና ሰዓታቸውን የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ጉድለት ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ጸሐፊው ሰዓትን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርገው መቁጠራቸው ነው። ስድስት ሰዓት በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማሳለፍና ስድስት ሰዓት በሰልፍ፣ በፍተሻ፣ በጥበቃ፣ በመነሣትና በመቀመጥ ተቆራርጦ ማለፉ እኩል አይደለም። በአየር ጉዞ ቀን የማገኘው ጊዜ ሁሉ ቁርጥራጭ ነው፤ አንድ ነገር ልጀምር ስል ስም ይጠራል፣ ቀበቶ ይታሰራል፣ ጠረጴዛ ይታጠፋል፣ መውረጃው ይደርሳል። በባቡር ላይ ግን አንዴ ከተቀመጥሁ የሚያስነሣኝ የለም። ወፍራም መጽሐፍ የማነብበው፣ ለረጅም ጊዜ ሳዘገየው የቆየሁትን ደብዳቤ የምጽፈው፣ ስለ አንድ የከበደኝ ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማስበው በዚያ ነው። ምንም ሳልሠራ የምቀመጥበት ጊዜም አለ፤ ጸሐፊው ኪሳራ የሚሉት በተለይ ይህን እንደሆነ እገምታለሁ። ነገር ግን ቤቱ ሆኖ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ያለምንም ሥራ ቢቀመጥ ሕሊናው የሚወቅሰው ሰው፣ በባቡር ላይ ሲሆን ያለ ወቀሳ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም ዝም ብሎ ተቀምጦም ቢሆን እየሄደ ነው። ይህን ዓይነት ፈቃድ የሚሰጥ ሌላ ቦታ ብዙ አላገኘሁም።

የሌሊት ባቡርን ደግሞ ጽሑፉ ጨርሶ አላነሣውም። ማታ ተሳፍሮ ጠዋት የሚደርስ ሰው ለጉዞው ያዋለው ሰዓት በአመዛኙ ያው የሚተኛበት ሰዓት ነው። በአውሮፓ ይህ አገልግሎት ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ በ2016 የጀርመን ባቡር ድርጅት መተኛ ባቡሮቹን ሲያቆም የኦስትሪያው ድርጅት ከመስመሮቹ የተወሰኑትን ተረክቦ መሥራቱን ቀጠለ፤ ከዚያም ወዲህ አዳዲስ ፉርጎዎች ተሠርተዋል። እርግጥ ነው በባቡር ላይ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አለ፤ እኔም ሐዲድ ሲቀያየር በሚሰማው ድምፅ እየነቃሁ ያነጋሁበት ሌሊት አለ። ቢሆንም ለማለዳ በረራ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ማረፊያ መሄድም የእንቅልፍ ሌሊት አይባልም፤ ያኛውን ግን ማንም ከበረራው ሰዓት ጋር ደምሮ አይቆጥረውም።

ርቀቱ እጅግ ሲሰፋ የሰዓቱ ክርክር ለአውሮፕላን እንደሚያደላ አልክድም። ከሞስኮ እስከ ቭላዲቮስቶክ 9,289 ኪሎ ሜትር ነው፤ በባቡር ስድስት ወይም ሰባት ቀን ይፈጃል፤ ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሳፈርበት ሰው የለም። ነገር ግን በዚያም ቢሆን በረራው የማይከፍለውና አካል የሚከፍለው ዕዳ አለ። ሁለቱ ከተሞች የሰባት ሰዓት ልዩነት አላቸው፤ የሰው አካል ከአዲስ ሰዓት ጋር የሚስማማው በቀን አንድ ሰዓት ገደማ እያስተካከለ ስለሆነ፣ በርሮ የደረሰው ሰው ለቀናት በእኩለ ሌሊት ይነቃል፤ በባቡር የሄደው ግን ማስተካከያውን በየቀኑ በትንሽ በትንሹ እየከፈለ ይደርሳል። የሚገርመው ነገር በዚህ መስመር ላይ ያሉት ጣቢያዎችና ትኬቶች እስከ 2018 ድረስ የሚሠሩት በሞስኮ ሰዓት ነበር፤ መንገደኛው በመስኮት የሚያየው ፀሐይና በግድግዳ ላይ የሚያየው ሰዓት በየቀኑ ይበልጥ እየተራራቁ ይሄዱ ነበር ማለት ነው።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው የመዘግየትን ነገር አንሥተዋል፤ በዚህ ትክክል ናቸው። በአንድ ወቅት የተሳፈርሁበት ባቡር በጨለማ ሜዳ ላይ ቆሞ ምክንያቱን የሚነግረን ሰው ሳይመጣ ሰዓታት አልፈዋል፤ በዚያን ጊዜ ስለ ዝግታ ውበት ማንም ቢያወራኝ ኖሮ በትዕግሥት አላዳምጠውም ነበር። ሆኖም የዚህ ዓይነቱ መዘግየት ብዙ ጊዜ ከባቡርነት ሳይሆን ከአሠራር የሚመጣ ነው። በአሜሪካ የረጅም ርቀት የመንገደኞች ባቡሮች ከሚሄዱበት ሐዲድ የሚበዛው የጭነት ኩባንያዎች ንብረት ነው፤ ሕጉ ለመንገደኛ ባቡር ቅድሚያ ይሰጣል፤ በተግባር ግን ረጃጅም የጭነት ባቡሮች እስኪያልፉ መቆም የተለመደ ነው። የመረጡት ዝግታና በሌላ ሰው ቸልተኝነት የተጫነ ዝግታ አንድ አይደሉም፤ ጽሑፉ ግን ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጧቸዋል።

ሦስተኛው ነጥብ የዝግታ ጉዞ የሀብታሞች ቅንጦት ነው የሚለው ነው። ጸሐፊው ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡት ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የተነጠፈባቸውን፣ ዋጋቸው ለብዙ ሰው የማይቀመሰውን የሽርሽር ባቡሮች ነው። እነዚህን እኔም አልከላከልላቸውም፤ እነርሱ በሐዲድ ላይ የሚሄዱ ሆቴሎች ናቸው። ነገር ግን በዓለም ላይ በባቡር በዝግታ ከሚጓዘው ሰው ውስጥ እነዚያ መንገደኞች ስንት ናቸው? በሕንድ ከዲብሩጋር እስከ ካንያኩማሪ የሚሄደው ባቡር ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መድረሻው ላይ ለመድረስ ከሦስት ቀን በላይ ይፈጅበታል፤ በመተኛ ፉርጎዎቹ የሚሞሉት ሥራ ፍለጋ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ የሚወርዱ ሠራተኞች፣ ተማሪዎችና ቤተሰቦች ናቸው። በቻይና፣ በሲቹዋን ተራሮች መካከል፣ ፈጣን ባቡር በየአቅጣጫው በተዘረጋበት በዚህ ዘመን እንኳ በየትንሹ ጣቢያ የሚቆሙ አዝጋሚ ባቡሮች ሆን ተብለው እንዲቀጥሉ ተደርገዋል፤ ታሪፋቸው ለዐሥርት ዓመታት ዝቅ እንዳለ ነው፤ ገበሬዎችም አትክልታቸውንና ከብቶቻቸውን ይዘው ይሳፈሩባቸዋል። ከዳሬሰላም እስከ ካፒሪ ምፖሺ 1,860 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የታንዛኒያና የዛምቢያ መስመርም የተሠራው ለቱሪስት አልነበረም። ለእነዚህ መንገደኞች ዝግታው ምርጫ ላይሆን ይችላል፤ ባቡሩ ግን ቅንጦት እንዳልሆነ ምስክሮች ናቸው።

ጸሐፊው በአውሮፓ የባቡር ትኬት ከአውሮፕላን ትኬት የሚወደድበት ጊዜ ብዙ ነው ሲሉ እውነታቸውን ነው። ምክንያቱን ግን አልጠየቁም። ለዓለም አቀፍ በረራ የሚውል ነዳጅ በአብዛኛው ቀረጥ አይከፈልበትም፤ ባቡር ግን ለሚሄድበት ሐዲድ ኪራይ ይከፍላል፣ በብዙ አገሮችም ለሚጠቀምበት ኃይል ግብር ይከፍላል። ይህ የመንግሥታት ውሳኔ ውጤት እንጂ የባቡር ተፈጥሮ አይደለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ጸሐፊው በአንድ ነገር አሸንፈውኛል፦ በዓመት ጥቂት የዕረፍት ቀናት ብቻ ያለው ሠራተኛ ሁለቱን ቀን ለባቡር ስጥ ቢባል ይከብደዋል። ለእርሱ ዝግታን መስበክ ጨዋነት የጎደለው ነገር ነው፤ የባቡር ወዳጆች ስንጽፍ ይህን ሰው ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን።

አራተኛው ነጥብ ስለ መስኮቱ ነው፤ እኔ ከሁሉ ይልቅ የማልስማማውም በዚህ ነው። ጸሐፊው፣ በመስኮት የሚታየው የቤቶች ጀርባ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶና ሜዳ ነው፤ አይቶ ማለፍም ማወቅ አይደለም፣ ይላሉ። ማየት ማወቅ አለመሆኑን እቀበላለሁ፤ ከባቡር ሳይወርድ አንድን አገር አወቅሁ የሚል ሰው ሊታመን አይገባውም። ይሁን እንጂ ከባቡር መስኮት የሚገኝ፣ ከሌላ ቦታ ግን በቀላሉ የማይገኝ አንድ ዓይነት ትምህርት አለ፤ እርሱም የመጠንና የቅርጽ ትምህርት ነው። ካርታ ሜዳ አለ ይላል፤ ሜዳው ከቁርስ እስከ ምሳ ሳያልቅ ሲቀር ግን ሰው የሜዳን ትርጉም ያገኘዋል። በአውስትራሊያ የናላርቦርን ሜዳ የሚያቋርጠው ሐዲድ 478 ኪሎ ሜትር ያለ አንዲት ኩርባ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ይህን ቁጥር ማንበብና ለሰዓታት በዚያ ቀጥታ ላይ መቀመጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ባቡር የመሬትን ቅርጽ የሚያስተምረው ደግሞ በድክመቱ ምክንያት ነው። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል ሰበቃው እጅግ ትንሽ ነው፤ ከባድ ጭነት በጥቂት ኃይል የሚጎተተው በዚህ ነው፤ ነገር ግን ያው የሰበቃ ማነስ ዳገት ላይ ያንሸራትተዋል። በ100 ሜትር መንገድ ላይ 3 ሜትር ያህል መውጣት ለመኪና ምንም አይደለም፤ ለረጅም ባቡር ግን ብርቱ ዳገት ነው። ስለዚህ ሐዲድ ዘርጊዎች ተራራ ሲገጥማቸው ወንዙን ይከተላሉ፣ ሸለቆውን ይዞራሉ፣ አልሆን ሲል ሐዲዱን በተራራው ሆድ ውስጥ እየጠመዘዙ ከፍታ ይገዛሉ። በ1882 የተከፈተው የስዊዘርላንድ የጎታርድ መስመር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ባቡሩ ወደ ዋሰን መንደር ሲቃረብ መንገደኛው ትንሿን ቤተ ክርስቲያን ሽቅብ ያያታል፤ ባቡሩ ዋሻ ገብቶ፣ ዞሮ፣ ሲወጣ በአጠገቧ ያልፋል፤ እንደገና ዞሮ ሲወጣ ከታች ሆና ይመለከታታል። አንዲትን ሕንፃ ሦስት ጊዜ ከሦስት ከፍታ ያየ ሰው ስለዚያ ተራራ አንዳች ነገር ተምሯል። በ2016 ከሥሩ የተከፈተው 57 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ዋሻ ግን ይህን ሁሉ በ20 ደቂቃ ጨለማ ይተካዋል፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ምንም አይታይም ቢሉ አልከራከራቸውም። በአሮጌው መስመር ላይ ግን ዛሬም ባቡር ይሄድበታል፣ የሚመርጠውም ሰው አለ።

የቤቶችን ጀርባ በተመለከተ፣ ጸሐፊው እንደ ነቀፋ ያነሡት ነገር ለእኔ ምስጋና ነው። የቤት ፊት ወደ መንገድ የሚዞር፣ ለእንግዳ የተዘጋጀ ገጽ ነው። ሐዲድ ግን ብዙ ጊዜ በጓሮ በኩል ያልፋል፤ የተሰጣ ልብስ፣ ያልተጠናቀቀ ግንብ፣ የተተከለ ጎመን፣ የተሰበረ የልጅ ብስክሌት፣ በደጃፉ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ሰው የሚታየው በዚያ ነው። ለቱሪስት የሚታተም ፎቶግራፍ ሁሉ ከፊት የተነሣ ነው፤ ከጀርባ የሚያሳየኝን መጓጓዣ ለምን እጠላለሁ? ሌላም ለውጥ አለ፤ የጣሪያው ቁልቁለት፣ የእርሻው ድንበር፣ የጣቢያው ስም የተጻፈበት ፊደል ቀስ በቀስ ሲለወጥ፣ ድንበር የሚባለው ነገር በካርታ ላይ እንዳለው ስለት ያለው መስመር እንዳልሆነ ይገባል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በተቃራኒው እጅግ ይሾላል፤ በቻይናና በሞንጎሊያ ድንበር የሐዲዱ ስፋት ከ1,435 ወደ 1,520 ሚሊ ሜትር ስለሚለወጥ፣ ፉርጎዎቹ መንገደኞቻቸውን እንደያዙ ወደ ላይ ተነሥተው ከሥራቸው ያሉት መንኮራኩሮች በሙሉ ይቀየራሉ። አውሮፕላን በ85 ሚሊ ሜትር ልዩነት ውስጥ የተቀመጠውን ይህን የታሪክ ውሳኔ አያሳይም።

መስኮቱ አሰልቺ ነው ለሚለው ግን አንድ ምስክር ልጥራ። የኖርዌይ ብሔራዊ ቴሌቪዥን በ2009 የበርገን መስመርን መቶኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ከበርገን እስከ ኦስሎ ያለውን ጉዞ ከሰባት ሰዓት በላይ ሳይቆርጥ አሳየ፤ አብዛኛው ምስል ከባቡሩ ፊት ለፊት የሚታየው ሐዲድ፣ በረዶና ዋሻ ነበር። ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉ በከፊልም ቢሆን ተመለከተው። ይህን ያህል ሰው ተቀምጦ ካየው፣ ምንም አይታይም የሚለው ፍርድ የዓይንን ምርጫ እንጂ የመስኮቱን ባዶነት አያስረዳም።

አምስተኛው ነጥብ ባቡር ሰዎችን ያገናኛል የሚለው አባባል ያረጀ ነው፤ ዛሬ ሁሉም በስልኩ ላይ አቀርቅሯል፣ የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። እኔም የምሳፈረው ወዳጅ ለማፍራት አይደለም፤ እንዲያውም መንገዱን ሁሉ የሚያወራ ሰው ከጎኔ ሲቀመጥ ቦታ መቀየር የሚያምረኝ ሰው ነኝ። ሆኖም አንድ ነገር በጽሑፉ ተዘልሏል። በመተኛ ክፍል ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር ሌሊት ማሳለፍ ብዙ ሳይነጋገሩ መስማማትን ይጠይቃል፦ መብራቱ መቼ ይጥፋ፣ መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ፣ አንዱ ሲወጣ ሻንጣውን ማን ይጠብቅለት። በአንድ ጉዞ ላይ ከእኔ ፊት ለፊት የነበሩ አንዲት አሮጊት ሌሊቱን ሁሉ አንዲት ቃል ሳይነግሩኝ አድረው፣ ጠዋት ልወርድ ስል ያወለቅሁትን ሹራብ አጣጥፈው በቦርሳዬ ላይ አስቀምጠውልኝ አገኘሁት። ስልክ ይህን ዓይነቱን ነገር አልከለከለውም።

ስድስተኛው ነጥብ የአካባቢ ጥበቃ ነው። ጸሐፊው የባቡር ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰል ሊመነጭ ይችላል፣ በናፍጣ የሚሄድ ባቡርም ብዙ ነው፣ ዋሻና ድልድይ መሥራትም ይበክላል ይላሉ። ሁሉም እውነት ነው፤ ሚዛኑን ግን አይለውጠውም። የአውሮፓ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ስለ 2018 ባወጣው ስሌት አንድን መንገደኛ አንድ ኪሎ ሜትር ማጓጓዝ በባቡር በአማካይ 33 ግራም፣ በአውሮፕላን 160 ግራም የሚያህል በካይ ጋዝ ያስወጣል። ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ በ2019 እንደገለጸው ባቡር ከዓለም የመንገደኞች ጉዞ 8 በመቶውን ሲሸከም ለትራንስፖርት ከሚውለው ኃይል የሚወስደው 2 በመቶ ብቻ ነው። የከሰል ኤሌክትሪክ ነገ በሌላ ምንጭ ሲተካ ያው ባቡር በያው ሐዲድ ላይ ንጹሕ ይሆናል፤ አውሮፕላንን በዚያ መጠን የሚያጸዳ ነገር ገና በስፋት ሥራ ላይ አልዋለም። በዚህ ነጥብ ላይ ከዚህ በላይ መከራከር አያስፈልግም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የዘጉት በጥያቄ ነው፦ በዓይን ቅጽበት ከፈለጉበት ቦታ የሚያደርስ መሣሪያ ቢኖር ባቡር የሚሳፈር ማን ነው? ጥያቄው በምፀት ቢጠየቅም እኔ ግን ከልቤ ልመልሰው። የታመመ ሰው ለማየት፣ ለቅሶ ለመድረስ፣ ለረጅም ጊዜ ያላገኘሁትን ሰው ለማቀፍ ከሆነ መሣሪያውን ያለማመንታት እጠቀምበታለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እንዲህ ባለው ጊዜ አውሮፕላን ነው የምሳፈረው፣ ለዚያም አመሰግነዋለሁ። ወደማላውቀው አገር ስሄድ ግን አልጠቀምበትም፤ አገሩ ከእኔ ምን ያህል ርቆ፣ በምን ተከልሎ እንደኖረ ሳላይ ብደርስ የምደርሰው ወደ ጎደለ ቦታ ነውና። ከሁሉ በላይ ደግሞ በመመለሻ ጉዞ ላይ አልፈልገውም። ሰው ከተሰናበተበት በር ወዲያው ወደ ሥራ ጠረጴዛው ቢወረወር፣ ያየውንና የሰማውን የሚያስታርቅበት ጊዜ የለውም፤ ጸሐፊው ከሒሳባቸው ላይ የሰረዟቸው ሰዓታት እኔ ለዚሁ የምፈልጋቸው ናቸው፣ ትኬት ስቆርጥም የምከፍለው በከፊል ለእነርሱ ነው።